ቀማሹ መዋጥ ሲያቆም

ከስፌት ክፍሌ መስኮት ፊት ለፊት አንድ ሉካንዳ አለ። ባለቤቱን የሰፈሩ ሰው «ቀማሹ» ይለዋል። ጠዋት አዲስ ሥጋ ሲገባ ትንሽ ይቆርጥና፣ በጥግ ባለችው ምድጃ ላይ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ፣ ገበያተኛው እያየ ይበላል። ለደንበኛ ቢላውን የሚያነሳው ከዋጠ በኋላ ነው። «እኔ ያልበላሁትን ለሰው አልመዝንም» ይላል። እውነቱን ለመናገር፣ እኛም የምንገዛው ሥጋውን አይተን ሳይሆን የሱን ጉንጭ አይተን ነበር።

እኔ ደግሞ ተጠራጣሪ ነኝ። ባሌ «አንቺ እኮ ጥላሽንም መታወቂያ ትጠይቂያለሽ» እያለ ይቀልድብኛል። ይቀልድ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ልብስ ሰፊ ሆኖ ሰውን ማመን ከባድ ነው፤ ወገቡን ስለካው ሆዱን ወደ ውስጥ የማይስብ ደንበኛ ገና አላጋጠመኝም።

አንድ ጠዋት የሸሚዝ ኮሌታ እየሰፋሁ ቀና ስል፣ ቀማሹ ቁራጯን አላምጦ ወደ ጓዳው ዞር አለና አፉን በፎጣ ጠረገ። መጥረጉ ረዘመብኝ። በማግስቱ የስፌት መኪናዬን አቁሜ አፍጥጬ ጠበቅኩት። እንደገና ዞረ፤ ፎጣውን ወደ አፉ አስጠጋና ቁራጯን ተፋት። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ፈገግ ብሎ ለመጀመሪያዋ ደንበኛ መመዘን ጀመረ።

ሥጋ ሻጭ የራሱን ሥጋ የሚተፋው ምን ቢያውቅበት ነው?

ያን ሰሞን ሚስቱን አትክልት ገበያ አገኘኋት። ቅርጫቷ ጎመንና ምስር ሞልቶ እጀታው ሊበጠስ ደርሷል። «እንግዳ ስላለብን ነው» አለችኝ፣ ምንም ሳልጠይቃት። ሳይጠየቅ የሚመልስ ሰው አላምንም። ሉካንዳ ያለው ቤት ደግሞ እንግዳን በጎመን ሲቀበል ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ እሱ ራሱ ሱሪዎቹን አንጠልጥሎ መጣ።

«ወገባቸውን አጥብቢልኝ እህቴ።»

ሜትሬን አዞርኩበት። «ምነው ጎረቤት? የታላቅ ወንድምህን ሱሪ ነው እንዴ ያመጣኸው?»

«ሩጫ ጀምሬ ነው» አለ።

ፊቱ ግን ገርጥቷል፤ ወንበሬ ላይም እንደ ሽማግሌ ተደግፎ ነው የተነሳው። ሲሄድ ስፌቱን ልፈታ ሱሪውን ብገለብጥ፣ ከኪሱ ግማሹ ያለቀ ክኒን ከነማሸጊያው ወጣ። በቃ፣ ከሥጋው የያዘው በሽታ አለ አልኩ። ክኒኑን መልሼ ኪሱ ከተትኩት።

ወሬ አልወድም። ግን ልጆች ያሏትን እህቴን ሳላስጠነቅቅ መተኛት አልቻልኩም። እህቴ ለጎረቤቷ ነገረች፤ ጎረቤቷ ደግሞ አፏ ክዳን የለውም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና፣ ቀማሹ የደንበኛው ሰልፍ ለምን እንዳጠረ የገባው ዘግይቶ ነው። ሥጋው ከማንጠልጠያው ሳይወርድ ይመሽ ጀመር።

አንድ ቅዳሜ የጠበቡትን ሱሪዎች ላደርስ መንገዱን ተሻገርኩ። ሱሪው ሰበብ ነው፤ የመጣሁት ለማየት ነው። የቀሩት ጥቂት ደንበኞች ተሰብስበዋል። ከፊት የቆመው ሆዱ ከሱ ቀድሞ በር የሚደርሰው የጋራዡ ባለቤት ነው።

«ዛሬ ፊትህን ወደኛ አድርገህ ትውጣለህ» አለው። «ከዚያ አፍህን ከፍተህ ታሳየናለህ። ካልሆነ ሌላ ሉካንዳ አለ።»

ቀማሹ ቁራጯን ገለበጠ፤ አፉ ውስጥ አደረጋት፤ አላመጠ። ግንባሩ ላብ አወጣ። ሚዛኑ ጋ የቆመችው ሚስቱ በለሆሳስ «ተው» አለችው። አያት። የተንጠለጠለውን ሥጋ አየ። እኛን አየን። ከዚያ ሁላችንም እያየን መዳፉ ላይ ተፋት።

«ሥጋው ጤነኛ ነው» አለ። «የታመምኩት እኔ ነኝ።»

የተፋትን ቁራጭ በፎጣው ጠቅልሎ ቀጠለ።

«የልብህ ደም ሥር ጠቧል አሉኝ። ሐኪሙ እንኳ ቀንስ ነው ያለኝ። እኔ ግን ራሴን አውቀዋለሁ። ለገበያ ብዬ አንዷን ከዋጥኩ ማታ ሙሉ ሳህን አስከትላለሁ። መቀነስ አልችልበትም፤ መተው ግን እችላለሁ። ሥጋውንም፣ ወተቱንም፣ እንቁላሉንም ተውኩ። እንዳትሸሹኝ ብዬ ደበቅኳችሁ።»

«ታዲያ መልክህስ?» አልኩት። ዝም ማለት አልሆነልኝም።

«አጀማመሬ ተበላሽቶ ነዋ! ሥጋውን አውጥቼ በምትኩ ዳቦና ድንች፣ ስኳር የበዛበት ሻይ። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ከዳኝ። የክሊኒኩ የምግብ ባለሙያ ናት ተቆጥታ ያስተካከለችኝ። ባቄላና ምስር ከሌለበት፣ ጎመኑና ለውዙ ከሌለበት፣ ያልተፈተገ እህል ከሌለበት መተው ብቻውን ረሃብ ነው አለችኝ። ክኒኑም ከአትክልት የማይገኝ ቫይታሚን ነው።»

ክኒን ብሎ ያነሳበት ሰው አልነበረም። «ክኒኑም» ሲል ያየው እኔን ነው። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

የጋራዡ ባለቤት ሆዱን ዳበስ ዳበስ አደረገ። «እሺ፣ ከእንግዲህ ማን ይቅመስልን?»

ሚስቱ ከሚዛኑ ጀርባ ወጣች። ሌላ ቁራጭ ገለበጠች፤ ፊት ለፊታችን በላች፤ ዋጠች። «እኔ» አለች። «አሁን ስንት ኪሎ ልበልህ?»

ሰው ሁሉ በአንዴ አልተመለሰም። እኔም አልተመለስኩም። ሰው ላብ ስላወጣ እውነት ተናገረ ማለት አይደለም፤ ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ ይገኛል ስንጥር። እንዲያውም ያቺን ሚስት ፎጣ ትይዝ እንደሆነ በመስኮቴ ስጠብቃት ሰነበትኩ።

አንድ ከሰዓት ቀማሹ ክዳን ያለው ሳህን ይዞ ገባ። ፊቱ ደም መልሷል። ክሮቼን ገፋ አድርጎ ሳህኑን መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። ምስር ከቲማቲምና ከጎመን ጋር ነው፤ ገና ይጨሳል።

«የምበላው ይኸው» አለ። «ቅመሺ።»

ሳህኑን አየሁ። እሱን አየሁ። «ለምን ለኔ?»

«መስኮትሽ ከኔ ምድጃ ፊት ለፊት ነው» አለ።

ፊቴ ጋለ። እጄን ግን አልዘረጋሁም። ይህን ሲያይ ማንኪያውን አነሳ። ሞልቶ ጨለፈ። ወደ ግድግዳው አልዞረም፤ ዓይን ዓይኔን እያየ አላመጠ፤ ዋጠ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ አፉን ከፍቶ አሳየኝ።

ምንም የለም። ማንኪያውን ተቀበልኩት።