የባዶ መዳፍ ጭብጨባ

በዋሃካ ግዛት፣ ከኮረብታ ሥር ባለችው መንደር ጎሕ ሲቀድ መጀመሪያ የሚሰማው የካሲሚራ እጅ ነበር። ማታ ልጣጩ እንዲለቅ በኖራ ውሃ ቀቅላ ያሳደረችውን በቆሎ አስፈጭታ፣ ሊጡን በሁለት መዳፏ እያጨበጨበች ትጠፈጥፋለች፤ ቶርቲያው፣ ስሱ የበቆሎ ቂጣ፣ ምጣድ ላይ ሲያርፍ ጎረቤቱ ሁሉ ነቅቷል። ባሏ ከሞተ ወዲህ አብረዋት የሚኖሩት ዓይነ ስውር አማቷ፣ ዶኛ ኤዱቪሄስ፣ ቁርስ መድረሱን የሚያውቁት በዚያ ድምፅ ነው። “የልጄ ሚስት እጅ ያልነካውን አልቀምስም” ማለት ያበዛሉ።

የካሲሚራ ጣቶች ግን አብጠው ሊጥ መጠፍጠፍ ካቃታት ሰንብቷል። በማሽን የተጋገረ ቂጣ ከገበያ ገዝታ ታሞቃለች፤ እያሞቀችም ባዶ መዳፏን ቀስ አድርጋ ታጨበጭባለች። አማቷ “ዛሬስ ደረቀብኝ” ሲሉ፣ “የዘንድሮ በቆሎ ነው እማማ” ትላለች። ፊቷ ይቃጠላል።

አንድ ማለዳ የጎረቤት ሙሽራ ኤሎዲያ ሊጥ በሳህን ይዛ ገባች።

“እትዬ፣ የኔ እየተቀደደ አማቴ ሳቀችብኝ። እስቲ አሳዪኝ...”

ዓይኗ የሚያጨበጭበው ባዶ መዳፍ ላይ፣ ከዚያም በወረቀት የተጠቀለለው ቂጣ ላይ ዐረፈ። ሳህኑን ምድጃው አጠገብ አስቀመጠች።

“አሳዪያት እንጂ” አሉ አሮጊቷ ከጥግ። “ሙያ ይደበቃል እንዴ?”

ካሲሚራ ሊጡን አነሣች። ገና ማጨብጨብ ስትጀምር ከመሃሉ ተቀዶ ምድጃው ጠርዝ ላይ ዱብ አለ።

አሮጊቷ ድምፁን ሰምተው ሳቁ። “አይ ሙሽሪት፣ በዚህ እጅሽ ባልሽን ጦም ልታሳድሪው ነው።”

“ገና አልለመድኩም እማማ” አለች ኤሎዲያ፣ ካሲሚራን ሳታይ።

 ልጅቷ ሌላ ሊጥ ወስዳ ተጠንቅቃ ጠፈጠፈች። ጠርዙ ወጣ ገባ ቢሆንም ምጣዱ ላይ ተነፋ። አሮጊቷ ትኩሱን ቆርሰው ቀመሱ።

“ይኼ ያንቺ ነው ካሲሚራ። አየሽ አንቺ ልጅ፣ እንዲህ ነው።”

“የሷ ነው” አለች ካሲሚራ። “የኔ የተቀደደው ነው። ከፋሲካ ወዲህ የሚበሉት ሁሉ የገበያ ነው እማማ።”

አሮጊቷ ማኘካቸውን አቆሙ። “ታዲያ በየጠዋቱ የምሰማው ምንድን ነው?”

ካሲሚራ እጆቿን ሽርጧ ሥር ደበቀች፤ ከማያይ ሰው።

“ወዲህ አምጪው እጅሽን።”

ያበጡትን አንጓዎች አንድ በአንድ ዳሰሱ።

“በዚህ ነው ያጨበጨብሽልኝ?” አሉ በቀስታ።

ቢቆጧት ይሻላት ነበር።