ሰንበሌጡ የለካው ቤት

የልጅ ልጄ ሲፈን የውኃ መሐንዲስ ናት፤ እዚሁ ነቀምቴ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ባለፈው ቅዳሜ እኔ የተቀቀለ የአንጮቴ ሥር እየላጥኩ፣ እሷ ላፕቶፗን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። በረጅሙ ተነፈሰች።

«ምን ሆንሽ?»

«አኮ፣ ኤክሴሉን ልተወው ነው» አለችኝ። እዚህ አገር ሴት አያት አኮ ትባላለች። አባቴ ጎጃሜ ነበር፤ እኔ ግን መጠሪያውን ከለመድኩት ቆየሁ።

ፊደል የቆጠርኩት ትልቅ ሰው ሆኜ በመሠረተ ትምህርት ነው። ትምህርት ቤት የሚባል አላውቅም፤ ቢሆንም ቀስ ብሎ የነገረኝ ሰው ይገባኛል። ነገሩ እንዲህ ነው። ለኡኬ ከተማ ውኃ የሚሆን ቧንቧ ተገዝቶ መጥቷል። ኤክሴሉ ላይ የቤቶቹን ከፍታ ስታስገባ፣ ምን ያህል ወፍራም ቧንቧ እንደሚያስፈልግ ይነግራታል። እሷ የምትፈልገው ግን ተገላቢጦሹን ነው፤ ቧንቧው ይኸው፣ ውኃው ዳገቱን እስከ የት ይወጣል? ኤክሴሉ በዚያ በኩል አይጠየቅም። ስለዚህ አንድ ከፍታ ትጽፋለች፣ ታያለች፣ ታጠፋለች፣ ሌላ ትጽፋለች። አሁን ያገኘችው አዲስ ሶፍትዌር ግን እኩልታው መጽሐፍ ላይ እንዳለ ይጻፍለታል፤ የታወቀውና ያልታወቀው ይነገረዋል፤ ከዚያ በፈለገችው በኩል ፈቶ ይሰጣታል። ስሌቷን ሁሉ ወደዚያ እያዛወረች ነበር።

እኔ ግን የተዳርኩበት ቤት ትዝ አለኝ።

ያኔ ጉቶ ጊዳ ገጠር ነበርን። ለአንድ የአገሩ ልጅ ታጭቻለሁ። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ዝናቡ ደግሞ ፋሲካን ተከትሎ ነው የሚመጣው። አባቴ ቁርጡን ተናግሯል፤ «ዝናብ ሳይጥል ቤቱ ካልተከደነ ልጄን ቢላ ከተማ ላለው ነጋዴ እሰጣለሁ» ብሏል። ነጋዴው ቆርቆሮ ቤት ነበረው። ሰውየውን አንዴ ገበያ ላይ አይቼዋለሁ፤ በሬ እንደሚገዛ ሰው ነበር ያየኝ።

ጓደኛዬ ቦንቱ ትስቅብኛለች። «የቢላው ቆርቆሮ በፀሐይ እንቁላል ይጠብሳል አሉ፤ አንቺም ጎን ለጎን ትጠበሻለሽ» ትለኛለች። እስቃለሁ። ማታ ማታ ግን ወጥቼ ሰማዩን አያለሁ።

ችግሩ የክዳን ሣር ነው። በዚያ በጋ የተራራው ሰንበሌጥ ተቃጠለ። የተረፈው ቀድሞ ታጭዶ ከበረቱ ሥር የተከመረው ብቻ ነበር። የባሌን ወላጆች ስም አልጠራም፤ የአገሩ ወግ ነው፣ እስከ ዛሬም ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። እንግዲህ አባቱን አባትየው፣ እናቱን እናትየው እላለሁ።

ቤት ሠሪው ኦቦ ጉርሜሳ ይባላል። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ምሰሶው በሚቆምበት ቦታ ችካል ይመታል፣ ገመድ አስሮ ክብ ይዞራል፣ በዙሪያው የግድግዳ ችካል ይመታል፣ ከክቡ ግድግዳውን ያሰላል፣ ከግድግዳው ጣራውን፣ ሣሩን በመጨረሻ። አባትየው ቤቱን ከጎረቤት ሁሉ ቤት ሰፊ ነው የፈለገው። ኦቦ ጉርሜሳ በጣቱ ቆጥሮ ቆጥሮ ሣሩ ጋ ሲደርስ ራሱን ይነቀንቃል። የዙሪያውን ችካል ነቅሎ ክቡን በክንድ ያጠብበዋል፤ እንደገና ከታች ይጀምራል። ሣሩ ሲበቃ ደግሞ ይተርፋል።

«ይህን ሁሉ ሣር አስተርፈህ ልጄን ጉድጓድ ልትከት ነው?» ይላል አባትየው። ችካሉ ይነቀላል።

ለደቦ የመጡት ጎረቤቶች የማሽላ ቂጣ በቅቤ በልተው ይሄዳሉ፣ በነጋታው መጥተው ይበላሉ። ከምዕራብ ደመናው ይጠቁራል። እኔ በወጉ እዚያ ድርሽ አልልም፤ ከወንዙ ማዶ እንስራዬን ይዤ ቆሜ አያለሁ። ወንዙ ጠባብ ነው፣ ድምፅ ይሻገራል።

በመጨረሻ ቂጣ መጋገር ያንገፈገፋት እናትየው ወጣች። «መሬቱን ስትጠይቁ ሰነበታችሁ» አለች፤ «ሣሩን የሚጠይቅ የለም?»

አንድ እስር ፈትታ የምሰሶው ችካል ዙሪያ በተነችው፤ ልክ ጣራ ላይ እንደሚደረገው አወፍራ። ሌሎቹም ገባቸውና እያመጡ በዙሪያው ነሰነሱ። ላሞቹን የሚያባርር ሰው ጠፋ እንጂ ሥራው ቶሎ አለቀ። ሣሩ ያለቀበት ጠርዝ ሰፊ ነበር፤ አባትየው ፊቱ በራ።

«እዚህ ጋ ምታ!»

ኦቦ ጉርሜሳ ሳቀ። «ጌታው፣ ይህ የተኛ ጣራ ነው። ሲነሣ ይሰበሰባል።» የጣራውን እንጨት አምጥቶ አጋድሞ ለካ፤ ልኩ ወደ መሃል ገባ፤ ለጠፈጠፍ ከግድግዳው አልፎ የሚወጣውንም ቀነሰ። ችካሉ የቆመበት ቦታ ለእኔም ከማዶ ጠበበኝ።

«የዶሮ ቤት!» አለ አባትየው።

«ከዚህ ካሰፉት ከሙሽራዋ ጋር ዝናቡም ይገባል።»

አባትየው ሰማዩን አየ፣ ሣሩን አየ። እኔ እንስራውን መሬት አስቀመጥኩ። ከዚያ አባትየው ድንጋይ አነሣና የመጀመሪያውን ችካል ራሱ መታው፤ ወደ ከብቶቹ ሄደ።

ዝናቡ የጣለው እኔ ከገባሁ በኋላ ነው። ጠብታ አልገባም። አባትየው ግን ደጃፉ ላይ ግንድ አስቀምጦ እዚያ ነበር የሚቀመጠው፣ ውስጥ ግባ ቢሉት እንቢ። አንድ ቀን በረዶ አባሮ አስገባው። ሽቅብ ክዳኑን ሲያይ ቆየና ጠጋ በይልኝ ብሎ ተቀመጠ።

ሲፈን ይህን እየሰማች አንጮቴውን ጨረሰችው። «ጠበባችሁ?»

«ጠበበን እንጂ። እንግዳ ሲመጣ እኔ ደጅ ነበር የምቆመው።»

ማምሻውን ሶፍትዌሩ መለሰላት። ውኃው ከዳገቱ ላይ ካሉት የላይኞቹ ቤቶች በታች ይቆማል። እንደሚደርስ ተስፋ አድርጋ ነበር። ደግማ አየችው፤ ያው ነው። መሞካከሩን ሶፍትዌሩ ገላግሏታል፤ እስከዚህ ነው የሚደርሰው ብሎ ሰው ፊት መቆሙን ግን ማን ይገላግላታል?

«የላይኞቹን ምን እላቸዋለሁ አኮ? ደውዬ ልንገራቸው?»

«በስልክ አይሆንም» አልኳት። «ከቤታቸው ደጅ ድረስ ውጪና ውኃው የሚቆምበትን ቦታ አሳዪያቸው። ይቆጡሽ። ተቆጥተው ሲያበቁ የሚጠይቁሽ ይኖራል፤ እሱን ለመስማት እዚያው ሁኚ።»

ሰኞ ጠዋት ወደ ኡኬ ስትሄድ ባጃጅ ይዘን እስከ መናኸሪያ ሸኘኋት። ላፕቶፑን ትታው ነው የሄደችው።