ሁለተኛው ዘፈን ሳይጀመር

ባሏ ታይስቶ አፉን ሊከፍት ሲል ኢርያ ቀድማ ታውቃለች። ጉሮሮውን ሁለቴ ይጠርጋል፣ የቡና ስኒውን ገፋ ያደርጋል፣ መዳፎቹን ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋና «እኔ ደግሞ የኩይካኔሚ ጭፈራ አዳራሽ ነገር ትዝ ይለኛል» ይላል። ይህቺን አነጋገር በሰማች ቁጥር የኢርያ ደም ይፈላል።

ሌላ ጊዜም የሚያወራ ሰው ቢሆን እኮ ደግ ነበር! ታይስቶ ዕድሜውን በሙሉ እንጨት መሰንጠቂያ ውስጥ ሠርቶ ጆሮውን ለመጋዝ የገበረ፣ ምላሱን ደግሞ ለማን እንደገበረ የማይታወቅ ሰው ነው። ልጆቹ ሲወለዱ «ጥሩ ነው» አለ። ቤታቸው ተሠርቶ ሲያልቅ «ጥሩ ነው» አለ። ሐኪሙ የልብህ ነገር ያሰጋል ቢለው «ጥሩ ነው» ብሎ ሐኪሙን አስደነገጠው፤ ለካስ አልሰማም ኖሯል። ኢርያ ከሃምሳ ዓመት በላይ ከግድግዳ ጋር ስታወራ ነው የኖረችው። ግድግዳው መልስ ከሰጠም «ምን አልሽ?» ነው። ጨው አቀብለኝ ስትለው «ምን አልሽ?» በሩ ላይ ያለውን በረዶ ጥረግ ስትለው «ምን አልሽ?» ጆሮው ላይ የሚሰካት መሣሪያ ተሰጥታዋለች፤ እሱ ግን የሚያኖራት የሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ነው። ኪሱ ይስማለት እንግዲህ!

እንዲህ ያለው ሰው ረቡዕ ረቡዕ ከጡረተኞች ማኅበር ሲገባ ምላሱ ይፈታል። ረቡዕ የዘፈን ቀን ነው። አንዱ የድሮ ሸክላ ይዞ ይመጣል፣ ይደመጣል፣ ከዚያ እያንዳንዱ በዚያ ዘፈን ጊዜ የት እንደነበረና ከማን ጋር እንደነበረ ያወራል። ሬይዮ የሚባለው ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር የኤሌክትሪክ ጊታር ሰው ነበር። ጊታሩን ከአሮጌ የቁም ሣጥን በር ራሱ ሠርቶት፣ አባቱ «ይሄ የሰይጣን ዕቃ!» ብለው ሐይቅ ውስጥ ወረወሩበት። ረቡዕ በመጣ ቁጥር ያ ጊታር ከዳር እየራቀ ነው የሚወድቀው፤ በዚህ አያያዙ አንድ ቀን ማዶ መሻገሩ አይቀርም። የኢርያ ጎረቤት ራይሊ ደግሞ፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ይበልጥ ተጫዋች የሆነችው፣ ትዊስት ስትጨፍር የጫማዋ ተረከዝ ተሰብሮ ጭፈራውን በአንድ እግሯ እንደጨረሰችው ትምላለች። ሁሉም የየራሱን ትንሽ ትንሽ ያጋንናል፤ ኢርያም በዚህ ማንንም አትቀየምም። የታይስቶ ግን ማጋነን አይደለም፣ ዝርፊያ ነው።

«ባንዱ ያን ስለ ባቡር ጣቢያ የሚያለቅሰውን ታንጎ ጀመረ» ይላል ታይስቶ። «ማዶ፣ ሴቶቹ በኩል፣ አንዲት ቀይ ቀሚስ የለበሰች ልጅ ተቀምጣለች። ወለሉን አቋርጬ ሄድኩና እጅ ነሣሁ። በቃ። ይኸው እስካሁን አልተላቀቅንም።»

ሴቶቹ «እሰይ! ወንድ ማለት እንዲህ ነው!» ይላሉ። ሬይዮ ጠረጴዛ ይደበድባል። ራይሊ ዓይኗን ትጠርጋለች።

«ቀሚሱ ሰማያዊ ነው» ትላለች ኢርያ። ሌላውን ብትናገር ማን ይሰማታል? ራይሊ እንኳ በዚያ ምሽት አብራት ነበረች፤ ግን ዋናው ነገር ሲፈጸም ቋሊማ ልትገዛ ወጥታ ነበር። ያቺን ቋሊማ ኢርያ እስከ ዛሬ ይቅር አላለቻትም።

እውነቱ እንዲህ ነው። ኢርያ ያኔ የወተት ፋብሪካ ውስጥ ቅቤ አሻጊ ነበረች፤ ሰው ፊት ስሟ ሲጠራ እስከ አንገቷ የምትቀላ ልጅ። እናቷ «ልጃገረድ ትቀመጣለች፣ የሚመጣ ይመጣል» እያሉ ነው ያሳደጓት። እሷም ስንት ቅዳሜ ኩይካኔሚ የጭፈራ አዳራሽ ገብታ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፣ ተቀመጠች፣ የሚመጣ የለም። ማዶ፣ ወንዶቹ በኩል፣ አንድ ረጅም ልጅ ግድግዳውን ተደግፎ ይቆማል፤ እሱም ከዚያ ንቅንቅ አይልም። በዚያች ቅዳሜ ከባንዱ በላይ ያለው ቀይ መብራት በራ። ያ መብራት ከበራ ተራው የሴቶች ነው፤ ወንዶች ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ኢርያ እንዴት እንደተነሣች አታውቅም። ያ ወለል ሰፊ ነበር፣ ሰው ሁሉ ያያል። አቋረጠችው። ረጅሙ ልጅ ፊት ቆማ ጎንበስ አለች።

አንድ ዘፈን አንዲት ቃል ሳይነጋገሩ ጨፈሩ። እዚያ አገር ደግሞ የሚጠባ ልጅ እንኳ የሚያውቀው ነገር አለ፤ አንድ ጭፈራ ማለት ሁለት ዘፈን ነው። በመሐሉ ቆም ይባላል፣ ስለ ዝናቡ አንድ ነገር ይወራል፣ ሁለተኛው ይጨፈራል፣ ከዚያ ወንዱ «አመሰግናለሁ» ብሎ ሴቲቱን ክንዷን ይዞ እስከ መቀመጫዋ ያደርሳታል። ከመጀመሪያው ዘፈን በኋላ «አመሰግናለሁ» ማለት በሰው ፊት «አስጠላሽኝ» ከማለት አይለይም። ታይስቶ ምን ቢል ጥሩ ነው? የመጀመሪያው ዘፈን እንዳለቀ «አመሰግናለሁ» ብሎ ዞረ!

ሌላ ሴት ብትሆን እያለቀሰች ትወጣ ነበር። ኢርያ ግን እጅጌውን ጨምድዳ ያዘችው።

«ቁም! ገና አንድ ዘፈን ይቀረናል!»

ቆመ። ይኸው እንደቆመ ቀረ።

ከዚያ በኋላ በኢርያ ሕይወት ውስጥ ሌላ ሰው ያልወሰነው ነገር ብዙም የለም። ቤቱ የት እንደሚሠራ የወሰኑት አማቷ ናቸው። የወተት ፋብሪካው ሲዘጋ እሷን የጠየቃት የለም፤ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ገብታ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ለሰው ልጅ ድንች ላጠች። የልጆቿ ስም እንኳ ከታይስቶ ወገን የወጣ ነው። የራሷ የምትለው ያን ወለል ማቋረጧንና ያን እጅጌ መያዟን ብቻ ነው፤ እሱንም ሰውየው ረቡዕ ረቡዕ ይወስድባታል።

«ለምንድን ነው የምትዋሸው?» ትለዋለች መኪና ውስጥ።

«ምን አልሽ?» ይላል ታይስቶ።

ዘንድሮ ደግሞ የባሰው መጣ። የኩይካኔሚ ጣሪያ ታድሶ አዳራሹ እንደገና ሊከፈት ሆነ። በመክፈቻው ምሽት እዚያ የተገናኘ አንድ ሰው መድረክ ላይ ወጥቶ ትዝታውን በማይክሮፎን ይናገር ተባለ። ማን ተመረጠ? ታይስቶ! አገሩ ሁሉ ይመጣል፣ ልጆቻቸው ከነልጆቻቸው ይመጣሉ። ኢርያ አሰበችው፤ ይሄ ነገር በማይክሮፎን አንዴ ከተነገረ አለቀ። ከሞተች በኋላ እንኳ የልጅ ልጆቿ «አያታችን ቁጭ ብላ ነበር፣ አያታችን መጥቶ ወሰዳት» እያሉ ይኖራሉ።

በዕለቱ ሸሚዙን እየተኮሰች ጠራችው።

«ታይስቶ፣ ጆሮህን ሰካ።»

«ምን አልሽ?»

«ጆሮህን ሰካ አልኩህ!»

ሰካ።

«ዛሬ እውነቱን ትናገራለህ። ማን ወደ ማን እንደመጣ፣ ማን አመሰግናለሁ ብሎ እንደዞረ፣ ማን እንደያዘህ። ካልተናገርክ የሴቶች ተራ መብራት ሲበራ እኔን አትጠብቀኝ። አልመጣም። ገባህ?»

ታይስቶ በመስኮቱ ሐይቁን አየ።

«ለሰው የሚነገር ነገር አይደለም» አለ።

«ታዲያ ውሸቱስ እንዴት ተነገረ? አንተ ሰውዬ ልታሳብደኝ ነው?»

የጆሮ መሣሪያውን ነቅሎ ኪሱ ከተታት። ኢርያ ካውያውን እንዳትወረውርበት ራሷን ያዘች።

አዳራሹ ግጥም ብሏል። እንደ ድሮው ይሁን ተብሎ ሴቶቹ በግራ፣ ወንዶቹ በቀኝ ተቀምጠዋል፣ መሐሉ ባዶ ወለል። ልጆቿና የልጅ ልጆቿ ሎሚናት መሸጫው ጋ ቆመዋል። ታይስቶ መድረክ ላይ ወጣ፣ ጉሮሮውን ሁለቴ ጠረገ። ኢርያ ዓይኗን ተከለችበት። እሱም አያት። ተስፋ አደረገች፤ አዎ፣ ሞኟ ተስፋ አደረገች።

«ማዶ» አለ ታይስቶ፣ «አንዲት ቀይ ቀሚስ የለበሰች ልጅ ተቀምጣለች። ወለሉን አቋርጬ ሄድኩና...»

ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። የኢርያ ጉንጭ ጋለ። የምታለቅስ መሰላት፤ ግን ለዚህ ሰው አላለቅስም ብላ ከንፈሯን ነከሰች። ታይስቶ ወርዶ ወንዶቹ በኩል ተቀመጠ። ወዲያው ቀዩ መብራት በራና አኮርዲዮኑ ያን የባቡር ጣቢያ ታንጎ ጀመረ። ሰው ሁሉ ወደ ኢርያ ዞረ። እሷ እጆቿን አጣጥፋ መብራቱን ታያለች።

«ተነሺ እንጂ!» አለች ራይሊ በክርኗ እየጎሸመቻት።

«አልነሣም። ወለል የሚያቋርጠው እሱ ነው፤ በማይክሮፎን ሲናገር አልሰማሽም? ይምጣና ይጠይቀኝ።»

«ተራው የኛ ነው እኮ! ወንድ በሴት ተራ እንዴት ይነሣል?»

«እኔ ምን አገባኝ።»

«ወይ ግትርነት! እይው እስቲ፣ እጁን ጉልበቱ መሐል ከቶ ያሳዝናል። በቃ እኔ እሄዳለሁ።»

«ሂጂ! እግርሽን እንዳይረግጥሽ ብቻ።»

ራይሊ ሄዳ ታይስቶን አስነሣችው። ጨፈሩ። ታይስቶ ዳሌው ስለሚያመው ቀስ ይላል፣ ዓይኑ ግን ከራይሊ ትከሻ በላይ ወደ ኢርያ ነው። ኢርያ አላየሁም ብላ ዓይኗን መብራቱ ላይ እንደተከለች ቀረች። ዘፈኑ አለቀ። ጥንዶቹ ሁሉ ባሉበት ቆመው ሁለተኛውን ይጠብቃሉ፤ ራይሊ ፀጉሯን እያስተካከለች ነው።

«አመሰግናለሁ!» አለ ታይስቶ።

የደንቆሮ ድምፅ ነው፣ አዳራሹ ሁሉ ሰማ። ሰዉ ክው አለ። ራይሊ እጇ ፀጉሯ ላይ እንዳለ ደርቃ ቀረች።

«ምን? ገና አንዱ እኮ ነው የተጨፈረው፣ አንተ ጉደኛ!»

እሱ ግን ሄዷል። ቀዩ መብራት እንደበራ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ ዳሌውን እየጎተተ ያን ሁሉ ወለል አቋረጠ። የሴቶቹ አግዳሚ ላይ ያሉት ሰብሰብ ሰብሰብ አሉ። ኢርያ ፊት ቆመ፣ እንደ ድሮው እጅ ነሣ፣ ከዚያ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ። የሚያንሾካሽክ ነበር የመሰለው። ጆሮው ኪሱ ውስጥ ነው፤ ከበሮ መቺው ድረስ እንደሚሰማ ማን ይንገረው?

«ኢርያ፣ ያኔ የመጣሽው አንቺ ነሽ» አለ። «እኔማ እግሬ ተሳስሮ ነበር። አመሰግናለሁ ያልኩት ጠልቼሽ አይደለም። አብረሽኝ ስትጨፍሪ ፈርቼ፣ ሁለተኛ ዘፈን መኖሩ ጠፋኝ። ባትይዢኝ ብስክሌቴን ይዤ ቤቴ እገባ ነበር፤ ብቻዬን እኖር ነበር። ይሄን ለሰው እንዴት ብዬ ላውራ?»

ሎሚናት መሸጫው ጋ ያሉት ልጆቿ ሰሙ። ሬይዮ ሰማ። ራይሊ መሐል ወለል ላይ ብቻዋን ቆማ አፏን ያዘች። ኢርያ የያዛት ንዴት ይሁን ሌላ መለየት አቃታት። ይሄን ለማለት ሰው እስኪሸብት ይጠብቃል? የኢርያ ጆሮ ደግሞ እንኳን ይሄን ጩኸት፣ ምድር ቤት ያለች አይጥ ሽንኩርት ስትነካ የሚሰማ ጆሮ ነው። ቀና ብላ አየችው።

«ምን አልክ?» አለችው እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋ። «አልሰማሁህም።»

ታይስቶ ትንፋሹን ሳበ። አኮርዲዮን ተጫዋቹ እጁን ከቁልፎቹ ላይ አንሥቶ ጠበቀ።

«የመጣሽው አንቺ ነሽ አልኩሽ!» ብሎ ጮኸ። «በዚያ በቀይ ቀሚስሽ! ወለሉን አቋርጠሽ!»

«ቀሚሱ ሰማያዊ ነው» አለች ኢርያ፤ እጅጌውን ይዛ ተነሣች።