ካልሲ ውስጥ የገባች ምድር

ዛሬ ጠዋት ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ሰፈር ካለው ቤቴ ሥር አንዲት ልጅ ቁልፍ በክር አስራ ስታሽከረክር ሰማሁ። ያ ሽው ሽው የሚል ድምፅ ከተቀመጥኩበት አስነሣኝ፤ መስኮቱን ዘጋሁ፣ ከፈትኩ፣ መልሼ ዘጋሁ፤ አርፎ መቀመጥ ግን አቃተኝ።

ልጆች ሆነን፣ ሳውዝ ሲ የሚባለው ሰፈር ሳለንም አርፎ መቀመጥ አናውቅም ነበር። «የካናዳ ፕሮሰሳችን ሊያልቅ ነው» እየተባለ ሰሃኑ ከካርቶን ሳይወጣ፣ መስኮቱ መጋረጃ ሳያይ፣ እኔና ታላቅ እህቴ ማርታ ሻንጣ ላይ ተቀምጠን የቤት ሥራ እየሠራን አደግን። ነገ ካናዳ የሚሄድ ሰው ጠረጴዛ ምን ያደርግለታል! እናቴማ ዕቃ መግዛት እምነት ማጣት ይመስላት ነበር፤ አውሮፕላን በጣሪያችን ላይ ባለፈ ቁጥር ቀና ትላለች።

አባቴ አዲስ አበባ የፊዚክስ አስተማሪ ነበር፤ ናይሮቢ ግን የቀረንለት ተማሪዎች እኔና ማርታ ብቻ ነበርን። አንድ ሐሙስ ቤታችን የተሰበሰበው ቡድን ጸሎት ሲረዝምበት ቀስ ብሎ ወደ ወጥ ቤት ጠራን፤ ሽንኩርት ካልሲ ውስጥ ከትቶም ያሽከረክር ጀመር። ካልሲው የፀሐይ ስበት ነው፣ ሽንኩርቱ ምድር፤ ምድር ሁልጊዜ ወደ ፀሐይ ትወድቃለች፣ ወደ ጎን ስለምትሮጥ ግን አትደርስም እያለ በሹክሹክታ ሲያስረዳን፣ ካልሲው ተረከዙ ላይ ተቀደደ። ሽንኩርቱ በተከፈተው በር ወጥቶ «ጌታ ሆይ፣ የካናዳን በር ክፈት!» እያሉ የሚጸልዩትን የጋሽ ታደሰን ግንባር መታ። ጋሽ ታደሰ ዐይናቸውን ሳይገልጡ «አሜን» አሉ። እናቴ እስከ እሑድ አኮረፈች፤ አባቴ ግን ፊቱ በርቶ፣

«አያችሁ? የያዛት ሲለቃት እኮ ዞራ አትሄድም፤ ቀጥ ብላ ነው» አለን።

ማርታ ቀጥ ብላ ሄደች። አሥራ ስምንት ዓመት ስላለፋት ፋይሏ ተለይቶ፣ ብቻዋን ካናዳ ገባች። አባቴ የእኛን ተራ እየጠበቀ፣ በስልክ እየሳቀላት፣ እዚሁ አረጀ።

ባለፈው ዓመት ልቡ ቆመ። ፀሐይ ድንገት ብትጠፋ ምድር ወዲያው አታውቅም አሉ፤ ስምንት ደቂቃ ያህል በለመደችው መንገድ ትዞራለች። የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ወዲያ ወዲህ እያልኩ በአባቴ ስልክ ለማርታ ልደውል ስል የድምፅ መልእክቷ ቀደመኝ።

«አባዬ፣ ክፍልህን ቀለም አስቀባሁት፤ ሰማያዊ ነው። ደስ ይልሃል አይደል?»

ትንሽ ይቆይላት ብዬ፣ ሳልደውል ስልኩን ኪሴ ከተትኩት።