የታላቋ ቤት ይቅደም

ድሃ ቤት ገንዘብ ከገባ ሁሉ ነገር ይቃናል የሚል ሰው ካለ፣ መጥቶ አንድ የዝናብ ወቅት ሽማግሌው ኦቾላ ግቢ ይክረም። ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።

ኦቾላ ሁለት ሚስት አለው። የታላቋ፣ የአቡራ ቤት፣ እንደ ወጉ ከግቢው በር ትይዩ ተሠርቷል። ታናሿ አፖንዲ ስትሆን ቤቷ በስተቀኝ ዝቅ ብሎ ነው። ሁለቱም የጭቃ ቤቶች ናቸው፣ ሁለቱም ሳር የለበሱ፣ ሁለቱም የሚያፈሱ። አቡራ ማፍሰሱን ለምዳዋለች። አፖንዲ ግን አዊቲ አለቻት። አዊቲ ገና ጥርሷን እየቀየረች ያለች ልጅ ናት፤ ደረቷ እንደ አሮጌ ወናፍ ያፏጫል። ዝናቡ በገባ ቁጥር ሳሩ ይሻግታል፣ መኝታው ይረጥባል፣ ልጅቷ ትንፋሽ ያጥራታል። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ለአፖንዲ ሳትሸፋፍን ነግራታለች፤ ይቺ ልጅ ደረቅ ቤት ካላደረች መድኃኒቱ ከንቱ ነው።

ደረቅ ቤት ከየት ይመጣል? ኦቾላን እርጅናና የዓይን ሕመም ከቤት አውለውታል። ቤቱን የምታበላው አፖንዲ ናት፤ ኦሜና የሚሏትን የሐይቁን ትንሽ ዓሣ አድርቃ በየገበያው እየቸረቸረች። ከዚያ ከሚገኘው ሳንቲም ኡጋሊ ለሚሉት የበቆሎ ገንፎ ዱቄቱ ሲገዛበት የሚተርፈው የዓሣው ሽታ ብቻ ነው።

እንግዲህ ያን ጊዜ ነው የአንድ እርዳታ ድርጅት ወጣቶች በሞተር ብስክሌት የመጡት። ሳር ቤት ለሚኖር ሁሉ በስልኩ ገንዘብ ይላክለታል አሉ፣ በሁለት ዙር። መልሱ የሚላችሁ የለም፣ ምን አደረጋችሁበት ብሎ የሚጠይቅም የለም አሉ። ሰውን ያስፈራው ይሄ የመጨረሻው ነው። እኛ አገር ሻይ የጋበዘህ ሰው እንኳ በምርጫ ቀን ድምፅህን ይፈልጋል፤ በነጻ የሚሰጥ ማን አይተን እናውቃለን? ሳምንት ሳይሞላ ወሬው መንደሩን አዳረሰው። ገንዘቡ የሰይጣን ነው ተባለ። የተቀበለ ሰው ቤት እባብ ገብቶ ይቀመጣል፣ እባቡም ዋጋውን የሚወስደው በልጅ ነው ተባለ።

አቡራ በሯን ዘጋችባቸው። አትፍረዱባት። የወለደቻቸውን በየተራ ቀብራ የቀራት አንድ ልጅ ነው፣ እሱም ሞምባሳ ወደብ ዕቃ ተሸካሚ ነው። ኦቾላ ሊያግባባት ሲሞክር «አንድ ነው የቀረኝ። እሱን በቆርቆሮ አልለውጥም» አለችው፤ ሰውየው ከዚያ በኋላ አልደገመም።

አፖንዲም ፈርታ ነበር። ግን የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ ተመዘገበች። የመጀመሪያው ገንዘብ ስልኳ ውስጥ ሲገባ ብዙ ቀን ሳትነካው ቆየች። በየማለዳው አልጋ ሥር ጎንበስ ብላ እባቡን ትፈልግ ነበር። አለመምጣቱን ስታረጋግጥ ቆርቆሮና ምስማር ገዛች፤ በበሬ ጋሪ ጭና ግቢ አስገባችው።

ኦቾላ ወጥቶ ቆርቆሮውን በመዳፉ እየዳሰሰ ፈገግ አለ። ወዲያው ደግሞ ፊቱ ጠቆረ።

«አፖንዲ፣ የታላቋ ቤት ሳር እንደለበሰ ያንቺ ቆርቆሮ አይለብስም። ይሄ ይጠፋሻል?»

አልጠፋትም። የታላቋ ቤት ሳይቀድም የታናሿ እንደማይነካ ያልሰማ ሰው እዚህ አገር የለም። የአፖንዲ ስህተት ሌላ ነው። ገንዘቡ እውነት መሆኑን ስታይ አቡራም ትመዘገባለች፣ ሁለታችንም በተራችን እናለብሳለን ብላ ነበር ያሰበችው። አቡራ ንቅንቅ አላለችም። ተራ የጣሰ ቤት ደግሞ ቺራ የሚሉት እርግማን ይገባበታል፤ ቺራ ጥፋተኛውን ትቶ ልጁን ነው እያመነመነ የሚገድለው። በራሷ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ አፖንዲ ያንኑ ቀን መሰላል ላይ በወጣች ነበር። ግን ያ ሁሉ ቆርቆሮ የተገዛው ለአዊቲ ነው፤ በአዊቲ ላይ እንዴት ትወራረዳለች?

ቆርቆሮው ግድግዳ ተደግፎ ቀረ። ዶሮዎች ሥሩ ገብተው እንቁላል ጣሉበት። ገበያ ላይ ዓሣ ሻጮቹ ይስቁባት ጀመር፤ «ዶሮዎችሽን በቆርቆሮ ቤት አኑረሽ አንቺ በሳር?» ይሏታል። እሷም አብራ ትስቃለች፣ ምን ታድርግ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው።

ዝናቡ ገባ። የአዊቲ ደረት ማፏጨት ጀመረ። አፖንዲ አንድ ቀን ጠዋት ገበያውን ትታ ጣውንቷ ደጃፍ ሄዳ ተንበረከከች።

«እትዬ፣ ልጄ እያለቀችብኝ ነው። አንድ ነገር ይበሉኝ።»

«እኔ መቼ ከለከልኩሽ? የከለከለሽ ወጉ ነው።»

«ወጉ ያለው እርስዎ ጣሪያ ላይ ነው።»

አቡራ የምትፈለፍለውን ባቄላ አስቀመጠች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀቻት።

«እባቡስ? አይተሽዋል?»

«ያየሁት ውሃ ነው፣ እትዬ። ከላይም ከታችም ውሃ።»

በማግሥቱ አቡራ ነጠላ ጫማዋን አድርጋ ልትመዘገብ ሄደች። ወጣቶቹ ግን መዝገባቸውን ዘግተው ወደ ሌላ ወረዳ ከተሻገሩ ቆይተዋል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል፤ ሴትዮዋ እየተቆጨች፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና ተመለሰች። እንግዲህ የቀረው መንገድ አንድ ነው፤ የአፖንዲ ቆርቆሮ የአቡራን ቤት ያልብስ። ኦቾላ ለስሙ ያህል አንዲት ቆርቆሮ ብቻ ትመታና ወጉ ይውጣልን ብሎ ነበር። አቡራ አሻፈረኝ አለች። ግማሽ ጎኑ ሳር፣ ግማሽ ጎኑ ቆርቆሮ የሆነ ቤት የታላቅ ሚስት ቤት አይደለም፣ መንደርተኛው ሲስቅብኝ አልኖርም አለች። አፖንዲም አልተከራከረችም። ሁለተኛው ዙር ሲመጣ የራሷን ልታለብስ ቆረጠችና ያላትን በሙሉ ሰጠች። ቆርቆሮው ለአቡራ ቤት ልክክ አለ፤ ለሌላ የሚተርፍ አልነበረም።

ሁለተኛው ዙር መጣ። መቅረቱን ጠብቃችሁ ከሆነ አልቀረም፣ በቀኑ መጣ። ግን አዊቲ ቀድማው ወድቃለች። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኖ በሞተር ብስክሌት፣ በእናቷና በነጂው መሃል ተጣብቃ፣ ከተማ ሆስፒታል ገባች። ኦክስጅኑ፣ አልጋው፣ መርፌው፣ መመላለሻው፤ በስልክ የገባው በስልክ ወጣ። ልጅቷ ተረፈች። እናቷ እግዚአብሔርን አመሰገነች። ሐኪሙ ሲያሰናብታቸው ያው ነርሷ ያለችውን ደገመ፤ ደረቅ ቤት ትደር።

ደረቅ ቤት ግቢው ውስጥ አንድ ብቻ አለ። አቡራ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ብትሆን ኖሮ ነገሩ ይቀል ነበር፣ አፖንዲም የምትረግመው ሰው ባገኘች ነበር። ራሷ መጥታ «ልጅቷ እኔ ዘንድ ትደር። የኔም ልጅ ናት» አለች። አፖንዲ እጇን ሳመቻት።

መጀመሪያ ማታ ማታ ነበር። ከዚያ ልብሷ ሄደ፣ ደብተሯ ሄደ፣ ሳህኗም ሄደ። አፖንዲ ጎህ ሳይቀድ ለገበያ ትወጣለች፣ ስትመለስ ልጅቷ አቡራ ዘንድ በልታ ጨርሳለች። አቡራ ስንት ዓመት ባዶ የቆየ እቅፏን አገኘች፤ ስኳር ድንች ትቀቅልላታለች፣ ወተት ታስቀርላታለች፣ ተረት ታወራላታለች። የአዊቲ ደረት ዝም አለ፣ ጉንጯ ሞላ። መንደሩ አፖንዲን እድለኛ ነሽ ይላታል። ወጣቶቹም አንድ ቀን ተመልሰው ገንዘቡ ምን ለወጠልሽ ብለው ጠየቋት። «ልጄ በደረቅ ቤት ታድራለች» አለች። እውነቷን ነው። ደስ ብሏቸው ጻፉ።

ባለፈው ሰሞን ዓሣው ቶሎ አለቀላትና ገና ፀሐይ ሳለች ተመለሰች። የማንጎ ፍሬ ገዝታለች። ዛሬ እንኳ ልጄን ቤቴ ወስጄ አብረን እንበላለን ብላ ነው መንገዱን ሁሉ የመጣችው። አዊቲ የአቡራ ጉልበት ላይ ተደግፋለች፣ አቡራ ጸጉሯን ትሠራላታለች። አፖንዲ ማንጎውን ሰጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች፣ ነይ እንሂድ የሚለውን ቃል ከአፏ ልታወጣ ስትል በሐይቁ ወገን ነጎድጓድ አጉረመረመ። ልጅቷ ቀና ብላ ሰማዩን አየች።

«እማ፣ ዝናቡ ሳይመጣ ወደ ቤትሽ ሂጂ» አለቻት። ለእናቷ አዝና ነው።

አቡራ ሰምታለች፤ ዓይኗን ከጸጉሩ ላይ አላነሳችም። አፖንዲ እሺ የኔ እናት ብላ ተነሳች፣ ግቢውን ተሻገረች፣ ቤቷ ገብታ የሚያፈሰው ሥር ድስቶቿን ትደረድር ጀመር።