የነጩ አበባ ጁስ

ለቡ መብራት ኃይል የተከራየንበት ግቢ ባለቤት ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው፤ እማማ እንላቸዋለን። ክረምቱን ሙሉ ጭቃው ቤት ዘግቶብን ከረመ። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ዝናቡ ጋብ አለና አንድ ቀን ከምሳ በኋላ እማማ በሬን አንኳኩ። «ኧረ ውጪና እዪ! አበቦቼ ጉድ ሆነዋል» አሉኝ።

እውነትም ጉድ ሆነው ነበር። ዳሊያው ራሱን መሸከም አቅቶት ጎንበስ ብሏል፤ ጽጌረዳው አጥሩን ዘልሎ ጎረቤት ገብቷል። እኔን የማረከኝ ግን ጥጉ ላይ የቆመው ረጅም ተክል ነው። ነጫጭ አበቦቹ እንደ ጥሩንባ ረዝመው ወደ መሬት ተንጠልጥለዋል፤ ሽታቸው ደስ ይላል። ከእማማ ጋር ደረጃው ላይ ተቀምጠን ፀሐይ እየሞቅን ስናወራ፣ የአራት ዓመቷ ልጄ የረገፉትን አበቦች ለቅማ በፕላስቲክ ስኒ ውስጥ ከውሃ ጋር ትወቅጣለች።

«ጁስ ነው የምሠራው» አለችን። ሳቅን።

ቤት ከገባን በኋላ ፊቷ ቀላ። ፀሐይ መቷት ነው ብዬ ውሃ ሰጠኋት፤ አፏ ደርቆ መዋጥ አቃታት። ከዚያ ወደ ግድግዳው እየጠቆመች፣ «ማሚ፣ ጉንዳኖቹን አባሪያቸው» አለችኝ። ግድግዳው ላይ ምንም የለም። ሳቅፋት ልቧ ደረቴ ላይ ይደልቃል። ቀና አድርጌ ሳያት የዓይኗ ብሌን ሰፍቶ ሰፍቶ ቡናማው ጠፍቷል። ትኩር ብላ አየችኝና፣ ለማታውቀው ሰው በምታወራበት ጨዋ ድምፅ፣

«አንቺ ማነሽ? ማሚ የታለች?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ የኔ ማር፣ ማሚ ነኝ» ስላት ጮኸች፤ ከእጄ ለማምለጥ ታገለችኝ። ጩኸቷን ሰምተው እማማ በባዶ እግራቸው መጡ።

«ምን በላች?»

ይሄኔ ነው ስኒው ትዝ ያለኝ። ሮጠን ስናየው የተወቀጠው አበባ ሥሩ ላይ ቀርቷል፤ ውሃው የለም።

«እኔ ልደፋ!» አሉ እማማ። «በገዛ እጄ ነው የተከልኩት!»

ኮንትራት ታክሲ ይዘን ወጣን። ስኒውን እማማ ይዘዋል፤ ልጄን እኔ። መካኒሳ ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆምን። ልጄ አየር ላይ የሌለ ነገር እየለቀመች ጭኗ ላይ ታስቀምጣለች። እንዳትሞትብኝ ፈራሁ። ከዚያም፣ አፍሬም ቢሆን እናገረዋለሁ፣ ድና እኔን ሳታውቀኝ እንዳትቀር ፈራሁ።

ሆስፒታል ሐኪሙ ስኒው ውስጥ አየና ራሱን ነቀነቀ። «ይዛችሁት መምጣታችሁ ጥሩ ነው። አስተናግር የሚባለው መርዛም ተክል ዘመድ ነው። ያቃዣል፣ ልብንም ያስቸግራል።»

«ትድናለች?»

«ልቧን እንከታተላለን፣ እናት» አለኝ። ትድናለች አላለኝም።

ደረቷ ላይ ሽቦ ለጠፉባት። እማማ አግዳሚው ላይ ሆነው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ይጸልያሉ፤ ፊቴን ግን ማየት አልቻሉም። ልጄ ቀስ በቀስ መታገሏን ተወች፤ ዝምታዋ ከጩኸቷ ይልቅ አስፈራኝ። ትንፋሿን ለማዳመጥ የራሴን እየያዝኩ አደርኩ።

ጠዋት ዓይኗን ገለጠች። «ማሚ፣ ውሃ» አለች።

«ማነኝ እኔ?» አልኳት።

«ማሚ ነሻ!» አለችኝ ተናዳ። አልቅሼ አላባራሁም።

ወደ ግቢው ስንመለስ፣ ቀድመውን የሄዱት እማማ ያን ተክል ከነሥሩ አስነቅለውት ቦታው ጉድጓድ ሆኗል። እማማ ጉድጓዱ አጠገብ ቆመው፣ «ሌሎቹንም ላስነቅላቸው? አንቺ ካልሽ አንድም አላስቀር» አሉኝ። እነዚያን ዳሊያዎች አየሁና፣ «አይሆንም እማማ፣ ይኑሩ» አልኳቸው።

እንቁጣጣሽ ዕለት ልጄ አደይ አበባ ይዛ እየሮጠች መጣች። ተቀበልኳትና ሳምኳት። ከዚያ ወደ ቧንቧው ወስጄ እጇን በሳሙና አጠብኩት።

«ንጹሕ እኮ ነው» አለችኝ።

«አውቃለሁ» አልኳትና ሳሙናውን እንደገና አነሳሁ።