የረሃቡ ዓመት መደርደሪያ

የሆስፒታሉን ካርድ ክፍል ሠላሳ ዓመት የያዙት ሴትዮ ስማቸው ሌላ ነው፤ እኛ ግን እትዬ ካርድ እንላቸዋለን። እኔ አጠገባቸው የምሠራ ጸሐፊ ነኝ። እንደሳቸው ያለ ነዝናዛ፣ እንደሳቸውም ያለ ሆደ ቡቡ አላየሁም።

ካርዱ የሚደረደረው በትውልድ ዘመን ነው። በረሃቡ ዓመት የተወለዱት ጥቂት ናቸው፤ ካርዳቸው ግን ከሁሉም ይወፍራል፤ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ልብ። እትዬ ካርድ በዚያ መደርደሪያ በኩል ሲያልፉ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። «እነዚህን ሰዎች የሆነ ነገር ይከተላቸዋል» ይሉኛል። እሳቸውም የዚያ ዓመት ልጅ ናቸው።

አንድ ቀን የስኳር ሐኪሟ መጣችና ነገሩን ገለጠችልን።

«እናቶቻቸው ሲራቡ እነሱ ማህፀን ውስጥ ነበሩ። ዘረ መላቸው አልተለወጠም፤ ግን የትኛው ይሥራ፣ የትኛው ይተኛ የሚል ምልክት በላዩ ቀርቷል። ሰውነታቸው ዛሬም ረሃብ የሚጠብቅ ይመስላል። ለልጆቻቸው ይተርፍ እንደሆነ ገና እርግጠኛ አይደለንም። እነሱንም ልጆቻቸውንም ለምርመራ ጥሩልኝ።»

እትዬ ካርድ ያን ዕለት ምሳ አልበሉም። የጥሪውን ወረቀት ሁሉ በእጃቸው ጻፉ። ከዚያ የራሳቸውን ካርድ አወጡና የትውልድ ዘመናቸውን ሰርዘው አንድ ዓመት ጨመሩበት፤ ካርዱንም የሚቀጥለው መደርደሪያ ውስጥ ሸጎጡት።

«እዚያ ካላገኘኝ ያልፈኛል» አሉኝ፤ ሊስቁ ሞክረው አልሆነላቸውም።

አየሁ፣ ዝምም አልኩ። ፈሪ ነኝ፣ ምን ልበል!

ከዚያ በሁለተኛው ዓመት የእትዬ ካርድ ልጅ በስምንተኛ ወር እርግዝናዋ በቃሬዛ ገባች። ስኳሯ ጣራ ነክቷል። ሐኪሟ ሆዷን ደጋግማ አዳመጠች፤ የጽንሱ ልብ ቆሟል። እኔም ካርዷን ይዤ ገብቼ አልጋው አጠገብ ቆሜ ነበር።

«ስኳርሽ የቆየ ነው» አለች ሐኪሟ ቀስ ብላ። «ቀደም ብለን ብናውቅ ልንይዘው እንችል ነበር። ለምርመራ አልተጠራሽም? እናትሽ የረሃቡ ዓመት ልጅ አይደሉም እንዴ?»

«አይደለችም፤ ከዚያ በኋላ ነው የተወለደችው። ካርዷ ላይ አለ።»

እትዬ ካርድ በሩን ተደግፈው ቆመው ነበር። ዝም ቢሉ ማንም አያውቅባቸውም ነበር፤ ከእኔ በቀር።

«ነኝ» አሉ። «ካርዱን የሰረዝኩት እኔ ነኝ። ፈርቼ ነው ልጄ።»

ልጅቷ አላለቀሰችም። እናቷን ትኩር ብላ አየቻቸው።

«እማዬ፣ የሰውን ልጅ ሁሉ ጠርተሽ እኔን ተውሽኝ?»